ፀሐይ የፈራንላት ናና

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጆቼ ይህን ስላቸው ይስቃሉ፤ ምላሴን አይተው ነው። ምላስ ሌላ፣ ሆድ ሌላ መሆኑን ማን ይንገራቸው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርሁ፤ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። የዚያ ጊዜ ፍርሃት ዛሬም ከሆዴ አልወጣልኝም።

ባሌን ወስደው ምሽጉ ውስጥ አስረውታል። ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ብሎ የጠቆመበት ሰው አለ። ማቀበሉንማ አቀብሏል፤ በሶውን የፈጨሁት እኔው ነኝ። እኔ ፈጭቼ እሱ መታሰሩ እህል አስጠላኝ። ቤታችን ለምሽጉ ስለሚቀርብ ደግሞ እኔን የአንድ መኮንን ልብስ አጣቢ አደረጉኝ። ባሏ እጃቸው ላይ ያለ ሴት እምቢ የምትልበት አፍ ከየት ታመጣለች? ወንዝ ወርጄ ሸሚዙን ሳሸው አንድ ቁልፍ ቢረግፍ ባሌን የሚገርፉት ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ መኮንኑ ወደ ግሽ ዓባይ በኩል ሊዘምት ተነሣ። የታጠበውን ልብስ ላደርስ ስገባ ከመስኮቱ ላይ አንዲት ጣሳ አንሥቶ እጄ ላይ አኖራት። የቲማቲም ሣልሳ ጣሳ ናት፤ አፈር ተሞልታ ቅጠል በቅሎባታል። ናና መባሏን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው ከሻዩ እንደሚጨምራት ብቻ ነበር። ረዘም አድርጎ ተናገረ። አስተርጓሚው ግን አሳጠረው።

«ከዘመቻ እስኪመለሱ ጠብቂያት። ደህና ሆና ካገኟት የባልሽን ነገር ያዩልሻል። ከደረቀች ግን እኔ የለሁበትም።»

ምን ትወዳለች፣ ምንስ ይጎዳታል ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ነጠላዬን ጣል አድርጌባት፣ ሰው ሳላይ፣ ሰው እንዳያየኝ እየለመንሁ ቤቴ ገባሁ።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ቅጠሏን ሸት አደረጉና የዳማከሴ ዘመድ ናት አሉ። ዳማከሴ ምች ለመታው ሰው ጨምቀን የምንቀባው ቅጠል ነው። እኔ የዳማከሴን ነገር ሰምቼ ትንሽ ልቤ መለስ ሲል፣ እሳቸው ቀጥለው ያስፈሩኝ ጀመር። ይህች በፈረንጅ ቤት ጥላ ውስጥ ያደገች ናት፤ የኛን ፀሐይ አታውቀውም፤ አንድ ቀን ብታየው ምች ይመታትና ልጄን ይዛው ትሄዳለች አሉ። በኛ አገር አራስ ፀሐይ አይነካትም፤ ላብ ያለበት ሰውም ድንገት ፀሐይ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ናናዋን አራስ አደረግናት። ጓዳ፣ ከጎታው ኋላ አስቀመጥናት፤ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣናት፤ በር ሲከፈት እንኳ በሰፌድ እንጋርዳት ነበር።

እኔ ደግሞ የባሰብኝ ነኝ። መኮንኑ ከመስኮት ላይ ሲያነሣት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግን መስኮት በሌለው ጎጆ ተወልጄ መስኮት በሌለው ጎጆ ያገባሁ ሰው፣ መስኮት ለምን እንደሚበጅ የት አውቄ! የዕቃ ማስቀመጫ መስሎኝ አለፍሁት።

በሳምንቷ ሰፌዱን ገለጥ አደረግሁ። አንገቷ ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ወደ በሩ ስንጥቅ ተንጋድዷል። ቅጠሏ ደም እንዳጣ ሰው ፊት ገርጥቷል፤ ስነካው ይረግፋል። አማቴ ውኃው በዝቶባት ነው አሉ፤ እኔ ውኃው አንሷት ነው አልሁ። ሁለታችንም አናውቅም፤ ሁለታችንም የምናውቅ ለመምሰል ስንከራከር ዋልን። በማግስቱ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የራሴን ፍርድ ፈረድሁ። ጨለማው ነው የገደላት ብዬ ጣሳዋን ከግቢው መካከል፣ ጠራራው ላይ አወጣኋትና ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድሁ።

ስመለስ አማቴ ከጣሳዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቅጠሏ ሁሉ ጠውልጎ ከጣሳዋ አፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠርዝ ጠርዙ አሯል። አልጮኹብኝም። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ልጄን ገደልሽው» አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ያን ቀን የተረቱን ልክነት በአጥንቴ አወቅሁት። ይህን መኮንን አውቀዋለሁ፤ ጫማው አልተወለወለም ብሎ አሽከሩን ሲያስገርፍ አይቻለሁ። ለጫማ ይህን ያደረገ ለሚወዳት ቅጠል ምን ሊያደርግ ነው? ባሌ ወደ መስቀያው ገመድ ሲነዳ ታየኝ።

አማቴ ይሄ ምች ነው፣ ሂጂና ዳማከሴ ቁረጪ፣ ጨምቀን እናፈስባታለን አሉ። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሮጬ ነው የሄድሁት። ዳማከሴያችን ያለችው ከምሥራቁ አጥር፣ ከጌሾው ሥር ነው። ልቆርጥ ጎንበስ አልሁና እጄ ቀረ። ያ ናናዋን የጠበሳት ፀሐይ እሷን ምንም አላላት፤ ለምለም ናት፣ አፈሯም እርጥብ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ጠዋት ፀሐይ በአጥሩ ላይ አልፎ ያገኛታል፤ ሲከርር ጌሾው ይጋርዳታል። ካገባሁ ጀምሮ በየቀኑ አጠገቧ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም።

ተመልሼ፣ እሜቴ፣ ዘመዷ ከሆነች ዘመዷ ከምትኖርበት ትኑር አልኋቸው። ፈቃዳቸውን ሳልጠብቅ ያረረውን ቅጠል ቀንጥሼ ጣልሁና ከዳማከሴዋ ጎን አኖርኋት።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሷን መጠበቅ ሆነ። ዶሮ እንዳይጭራት፣ ፍየል እንዳይቀነጥሳት፣ ከሁሉ በላይ ሰው እንዳያያት። የጣሊያን ቅጠል ትንከባከባለች ከተባልሁ ጎረቤት ምን ይለኛል፤ ጫካ ያሉት አርበኞች ቢሰሙስ? አንድ ቀን ጎረቤታችን ልጇን ምች መታብኝ ብላ ዳማከሴ ልትቆርጥ መጣች። ዳማከሴ ለጎረቤት አይከለከልም። እጇን ወደ ጣሳዋ ስትዘረጋ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች፤ ቀደም ብዬ ከእውነተኛዋ እቅፍ ሙሉ ቆርጬ ሰጠኋት። ደግ ሰው ነሽ ብላ መርቃኝ ሄደች።

በአሥረኛው ቀን ግድም ከግንዷ ሥር የጤፍ ያህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። አማቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ተንበርክከው አይተው፣ ሳያምኑ በጣታቸው ዳስሰው፣ እዚያው እንደ ተንበረከኩ ጸሎት ጀመሩ። ዘማቹ ጦር ቁስለኛውን ጭኖ ሲመለስ ናናዋ ከጣሳዋ አፍ ሞልታ ወጥታ ነበር።

ጣሳዋን አቅፌ ምሽጉ ገባሁ። መኮንኑ ቅጠል ቆርጦ በጣቱ አሸና አሸተተ፤ ሳቀ። አስተርጓሚው ተደስተዋል አለኝ። የዚያን ጊዜ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ፤ «የባሌስ ነገር?» አልሁ። አስተርጓሚው ወዲያ ወዲህ አየና ነገረው። መኮንኑ ግር አለው፤ የትኛው ባል እንደሆነ አላወቀም። አንድ ወታደር ልኮ አስጠየቀ። ወታደሩ መዝገብ ይዞ ተመለሰና ተነጋገሩ። ዘመቻው በወጣ በሦስተኛው ቀን ያ እስረኛ ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ በደምበጫ በኩል ተወስዷል አለኝ አስተርጓሚው። ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። መኮንኑ ያዘነልኝ መሰለ፤ ጣሳዋን አንሥቶ መልሶ አስታቀፈኝ። ላንቺ ሰጥተውሻል፣ ውሰጃት አለኝ አስተርጓሚው።

ባሌ በዚያው ቀረ፤ ልጆቼን የወለድሁት ኋላ ሌላ አግብቼ ነው። የእሱን መቃብር እንኳ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ይህን ገና አላወቅንም።

አማቴ ከአጥሩ በር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ጣሳዋን ከሩቅ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አልወደዳትም ወይ አሉኝ። ወደዳት አልኋቸው። የቀረውን እንዴት እንደነገርኋቸው አላስታውስም። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ጣሳዋን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ሄደው ከጌሾው ሥር አኖሯትና ፀሐዩን ቀና ብለው አይተው ትንሽ ወደ ምሥራቅ ገፋ አደረጓት።

«እሜቴ፣ ይተዋት፤ ለኛ ሰጥቶናል እኮ» አልሁ።

«ነገ ተነሥቶ አምጡ ቢለንስ?» አሉኝ። «ደርቃ ያግኛት?»