የደፈረሰው ከረጢት

ሞንጂ እንደኔ በቱኒዚያ የከርከና ደሴት ልጅ ነበር። ቤታችን ግድግዳ ስለሚጋራ፣ ብፈልግም ባልፈልግም የእነሱን ቤት ድምፅ እሰማለሁ። ለሠላሳ ዓመት የሰማሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በሩ ሲንቋቋ፣ ሞንጂ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከዚያ ኮቴው ወደ ባሕሩ ሲርቅ። ከአባቱ የወረሰው ሻርፊያ የሚባል የዓሣ ወጥመድ ነበረው። የዘንባባ ዝንጣፊ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ እንደ አጥር ይተከልና ዓሣውን እየመራ ወጥመድ ውስጥ ይከተዋል። አጥሩን የሞንጂን ያህል ቀጥ አድርጎ የሚተክል ሰው በደሴቱ አልነበረም። ይህንንም ከማንም በፊት የሚናገረው እሱ ራሱ ነበር።

የስኳር በሽታውን ለዓመታት ሲንቀው ኖሮ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ኩላሊቶቹ ደከሙ። እግሩ አበጠ፤ ምግብ ዘጋው። ከባሕሩ ማዶ ስፋክስ ከተማ ያለችው ሐኪም ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረችው። አንደኛው በሳምንት ሦስት ቀን በመርከብ እየተሻገረ ሆስፒታል ደሙን ማሳጠብ ነው። ሁለተኛው ሆዱ ላይ ቱቦ አስገብቶ ሌሊት ሌሊት እቤቱ መታጠብ ነው፤ እሱ ተኝቶ ማሽኑ ሆዱን በፈሳሽ እየሞላ፣ መልሶ እያፈሰሰ ያድራል።

"ሁለተኛው ይሁንልኝ" አለ ሞንጂ ሳያስጨርሳት። "ቀን ቀን ባሕሬ ላይ እውላለኋ!"

"ጀልባ ላይ መቀመጥ ይችላሉ። ውሃ ውስጥ መግባት ግን የለም። በዚህ ቱቦ ቆሻሻ ከገባ ሆድዎ ይመረዛል። ሰምተውኛል አባቴ?"

"ሰምቻለሁ።"

ሚስቱ መብሩካ ፊደል አልቆጠረችም። ሆስፒታል አሥር ቀን ስትሠለጥን ነርሷ ሥራውን በሥዕል ሰጠቻት፤ መስኮት መዝጋት፣ አፍን መሸፈን፣ እጅን መታጠብ፣ የቱቦውን ክዳን ፈትቶ ጫፉን ምንም ሳያስነኩ ማገናኘት። መብሩካ ሁሉንም እንደ ጸሎት በቃሏ ያዘች። ክፍሉ ኖራ ተቀባ፤ ዶሮዎቹ ከግቢ ወጡ፤ የፈሳሹ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደረደረ። ማሽኑ የቆመው አልጋው ላይ እሷ በምትተኛበት በኩል ስለነበር እሷ ፍራሽ አንጥፋ መሬት ላይ መተኛት ጀመረች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፉ ነበሩ። ሞንጂ በተገላበጠ ቁጥር ቱቦው ይታጠፍና ማሽኑ ይጮኻል። ፈሳሹ ተንጠፍጥፎ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አንጀቱን እንደ መንጠቆ ይጎትተዋል።

"ወደ ግራ ዙር" ትለዋለች።

"ዞሬያለሁ!"

"እሱ ቀኝህ ነው።"

"በዚህ ዕድሜዬ ግራና ቀኜን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?"

"ታዲያ ማን ያስተምርህ፣ ማሽኑ?"

ከሕመሙ የባሰበት ግን ንጋቱ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ታስሮ ያድራል። ጎረቤቶቹ ወደ ጀልባቸው ሲወርዱ ኮቴያቸውን እየሰማ ጣሪያ ያያል። ሻርፊያውን ታናሽ ወንድሙ ሎጥፊ ያዘው። ሎጥፊ ደግ ሰው ነው፤ እጁ ግን አልተካነም።

በመስከረም አጥሩ በታደሰ ሰሞን ከሞንጂ ጋር ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ "የሞንጂ አጥር ዘንድሮ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ዓሣው ራሱ እየሳቀ ያልፋል አሉ" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሞንጂ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ብቻውን ወደ ባሕሩ ሄደ። ቱቦውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በመቀነት አሰረና እስከ ጉልበቱ ገባ። አሥራ አንድ ዝንጣፊ ነቅሎ እንደገና ተከለ። ሲመለስ ጭቃው እግሩን ዋጠውና እስከ ደረቱ ሰመጠ። ወጥቶ በንጹሕ ውሃ ተለቃለቀ፤ ልብሱን ፀሐይ ላይ አደረቀ፤ ለማንም አልተናገረም፤ እኔም ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብሩካ ከሆዱ የወጣውን ፈሳሽ ከነከረጢቱ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። እንደ ሩዝ እጣቢ ደፍርሷል። ሞንጂ ትኩሳት ይዞታል፤ ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ነርሷ በስልክ፣ "አሁኑኑ ኑ፤ ከረጢቱንም ይዛችሁ ኑ" አለች። መርከቧ በነፋስ ምክንያት ቆማ ስለነበር ሎጥፊ ነፋሱን ደፍሮ ከመብሩካ ጋር በራሱ ጀልባ አሻገረን። ሞንጂ ከታች ተኝቶ ያቃስታል፤ እኔ ከረጢቱን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ።

"ባሕር ገብተዋል?" አለች ሐኪሟ።

"አልገባሁም።"

ሐኪሟ ወደ መብሩካ ዞረች። "እጅሽን እንዴት እንደምትታጠቢ አሳዪኝ።"

መብሩካ ታጥባ አሳየች። የቱቦውን ክዳን ስትፈታ ከእጇ ወደቀ። "አንድ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል" አለች። ሞንጂ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አሥራ ስድስት ቀን ተኝቶ ዳነ፤ ቱቦውም ተረፈ። እቤት ከተመለሱ በኋላ ግን የምሰማው ድምፅ የውሃ ሆነ። በየምሽቱ ረጅም ሰዓት ይፈስሳል። መብሩካ ነርሷ ያላዘዘቻትን በረኪና እየጨመረች እጇን ትፈትጋለች። ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ይደማ ጀመር። ሰው ሲስመኝ ቆሻሻ ያስይዘኛል ብላ ሠርግ መሄድ ተወች፤ የልጅ ልጇን እንኳ አላቅፍም አለች። ሞንጂ ይህንን ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሎ አየ።

አንድ ምሽት እንዲህ ሲል ሰማሁት። ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር።

"መብሩካ፣ ይበቃሻል ተይው።"

"አልጨረስኩም።"

"የአንቺ እጅ አይደለም። ባሕር ገብቼ ነበር።"

ውሃው ቆመ። "መቼ?"

"ከመታመሜ ሦስት ቀን በፊት።"

"ሐኪሟ ስትጠይቅህስ?"

"ዋሸኋት።"

"እኔን እንደ ሌባ ስታስፈትሸኝስ? እዚያው ነበርክ እኮ።"

መብሩካ አልጮኸችም። ያን ምሽት እንደ ወትሮው ከማሽኑ ጋር አገናኘችው። በማግስቱ ምሽት ግን የነርሷን ሥዕሎች ፊቱ ዘረጋችና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ተማረው። እኔ አያለሁ" አለችው።

የሞንጂ ጣቶች ወፍራም ናቸው፤ ስኳሩም አደንዝዟቸዋል። ነርሷ ለመለማመጃ በላከችለት ቱቦ ሳምንታት ደከመ፤ እስኪችል ድረስ ማታ ማታ የምታገናኘው እሷው ነበረች። ጫፉ ጉልበቱን ነካ፣ ብርድ ልብሱን ነካ። መብሩካ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ "እንደገና" ብቻ ትለዋለች። በመጨረሻ ቻለ፤ ተክኖም ሠራው። በመካከላቸው ግን ቀልዱ አልተመለሰም። አጠገብ ለአጠገብ፣ እሱ አልጋ ላይ እሷ መሬት ላይ ያድሩ ነበር።

ከዚያ መመረዝ የተነሳ ሆዱ ውስጡ ጠባሳ ይዞ ነበርና የማሽኑ ሥራ ከወር ወር እያነሰ ሄደ። እግሩ እንደገና አበጠ። ከዓመት ተኩል በኋላ ቱቦው ወጣና በሳምንት ሦስት ቀን በመርከብ መመላለስ ጀመረ። በእሱም አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀ፤ ሆስፒታል ደሙ በሚታጠብበት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመች።

ማሽኑ በደሴቱ ሌላ ጫፍ ለምትኖር ለአንዲት የአስተማሪ ሚስት ተሰጠ። መብሩካ ሳይጠሯት ሄዳ አሥር ሌሊት እዚያ አደረች፤ ለሴትየዋ ባል እያሳየች። ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋትና ሐዘኑ ሳይወጣ ምን አስኬደሽ ብዬ ጠየቅኋት።

"ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም" አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።