በበር ገብቼ ያየሁት ጥላ

ከደብረ ኤልያስ የተነሣሁት ጤዛው ሳይረግፍ ነው። የልጅ ልጄ በሰላም ከተገላገለች ለማርያም ባለ ዘርፍ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። እነሆ ተገላገለች፤ በዓሉም ነገ ነው። እንዲህ ያለ ጥላ ግን እኛ ዘንድ አይሸጥምና ደብረ ማርቆስ መውረድ ግድ ሆነ።

ሚኒባሱ በጤፍ ማሳ መካከል ሲበር ረዳቱ «እማማ፣ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው ይደርብብናል። ቆሎዬን አጠገቤ ለተቀመጡት አካፈልሁ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ሄድሁ።

ከመስታወቱ ሱቅ

ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ የንዋየ ቅድሳት ሱቅ ነው። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጥላ ዓይኔ ገባ። ለታቦት የሚሰጥ ነገር ነውር አይገኝበትምና ዘረጋሁት፤ ስፌቱን በጣቴ ተከተልሁ። ሌላም ዘረጋሁ።

ሻጯ ልጅ በስልክ ለጓደኛዋ፣ «ዊንዶው ሾፒንግ ነው ባክሽ! አንዲት እማማ ሱቁን አተራመሱት» አለች።

ሻማ የሚገዛ ተማሪ ሳቀ።

«ምን አለችኝ ልጄ?» አልሁት።

«ፈረንጆች ሳይገዙ የሱቅ መስኮት እያዩ መዞርን እንዲያ ይሉታል እማማ። መዝናናት ነው፤ ስድብ አይደለም።»

«ከእሷ አፍ ሲወጣስ?»

ሻማውን መቁጠር ያዘ።

«እኔ በበር ነው የገባሁ!» ብዬ ጥላውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከገበያው

ጥላ ሻጮቹ «እንደ ልብዎ ይዩ» አሉኝ። አየሁ። የአንዱ ጨርቅ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ቀዳዳው ይታያል፤ የሌላው ሽቦ ዝጓል። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ነው። ስለቱ የማርያም ነው፤ ኩርፊያው የእኔ። ወደዚያችው ልጅ ሱቅ ተመለስሁ።

ቀዩን ጥላ ወደ በሩ ብርሃን አውጥቼ «እጀታውን ያዥልኝ» አልኋት። ሳልቸኩል ስፌቱን ሁሉ አየሁ። ነውር የለበትም። ከመቀነቴ ገንዘቤን ፈታሁ።

«ለካ ሊገዙ ኖሯል» አለች።

«እኔ ጥላውን አይቼ ገዛሁ። አንች ግን እኔን ሳታይ ተመንሽኝ።»

ከቤት

አራሷ ጥላውን አይታ እልል አለች። «ፊትሽ ግን ለምን ጠቆረ?» ብትለኝ ነገርኋት።

በሬ ጥርሱ ሳይታይ፣ እህል በእፍኝ ሳይታፈስ የሚገዛ የለም። ማየት የገዢ ወግ ነው፤ ላልገዛም ቢሆን ነውር የለውም። ይህን ለማወቅ ከተማ መውረድ አያሻም ነበር። ነገ ጥላው ሲዘረጋ ያችን ልጅ ይቅር እላት ይሆናል። ዛሬስ አልቻልሁም።