የገራፊው ፊት

ጎረቤታችን ኔንቾ ቆዳ ፋቂ ነበር። ክንዱ የወፈረ፣ አንገቱ የደነደነ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ ሰው ነው። ዶሮ እንኳ የምታርደው ሚስቱ ቤታ ነበረች።

አንድ ሠዓሊ በመንደራችን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የክርስቶስን ግርፋት ሊሥል ከአሬዞ ከተማ መጥቶ፣ ኔንቾን ወንዝ ዳር ቆዳ ሲያጥብ አየውና፣ "አንተን ነው የምፈልገው" አለው። ኔንቾ ከሐዋርያት አንዱ የሚያደርገው መስሎት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ሠዓሊው ሸሚዙን አስወልቆ ጅራፍ አስያዘው።

ሥዕሉ የተገለጠ ዕለት ሰው ሁሉ አለቀሰ። የጌታ ጀርባ በደም ርሷል፤ ከኋላው ጅራፉን አንሥቶ የሚያገጥጠው ቁርጥ ኔንቾ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ቼኮ ባየው ቁጥር፣ "ኧረ ኔንቾ! ዛሬ ተረኛው ማነው?" ይለዋል። ኔንቾም አብሮ ይስቃል።

ከዚያ በረዶ ወረደና ወይኑን ሁሉ አረገፈው። ቼኮ መቀለዱን ተወ። ሴቶች ኔንቾ ሲያልፍ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው መሳብ ጀመሩ። ቅዳሴ ላይ ሲቆም ግራ ቀኙ ባዶ ይሆናል።

ወደ መነኮሳቱ አለቃ ሄደ። "አባ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ፊቴን ያስጠፉልኝ።"

"የተባረከ ሥዕል ነው ልጄ፤ እጅ አይነካውም።"

እጅ ግን ነካው። በሕማማት ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ቤታ ሻማ ልታበራ ስትገባ የገራፊውን ዓይኖች በቢላ ተፍቀው አገኘቻቸው። እየሮጠች ስትመጣ እኔ ደጃፌ ላይ ነበርኩ።

"ኔንቾ! ተነሥ፣ እንሂድ!"

"ወዴት? ቆዳው ገና ከተነከረበት ኖራ አልወጣም እኮ።"

"ይበስብስ! ዛሬ ሥዕሉን ነው፤ ዓርብ አንተን ነው!"

"እነማን? እነ ቼኮ? ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት ቼኮ?"

"ታዲያ ያንን ዓይን ያወጣው ማን ይመስልሃል?"

 ኔንቾ እጆቹን አገላብጦ አየና ተነሥቶ አህያዋን ጫነ። በጓሮ በኩል ወጡ።

ዓርብ፣ የስቅለቱ ዑደት እንዳበቃ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ለንስሐ ራሳቸውን ሲገርፉበት የዋሉትን ጅራፍ እንደያዙ መጡ። የኔንቾን በር ሰበሩት። ሰው ሲያጡ ሊደርቅ ተሰቅሎ የቀረውን ሌላ ቆዳ መግረፍ ጀመሩ፤ እየጸለዩ ገረፉት። ከጭንብሎቹ በአንዱ ሥር የቼኮን ድምፅ ለየሁ።

ኔንቾ ዛሬ በባሕሩ ዳርቻ የዓሣ መረብ እየጠገነ ይኖራል፣ ጢሙም ደረቱ ደርሷል አሉ።

እዚህ ደግሞ ዘንድሮ በጎች ማለቅ ጀምረዋል። ሥዕሉ ላይ፣ ዓይኑ ከጠፋው አጠገብ፣ ሌላ ገራፊ አለ። ሰዎች ከቅዳሴ በኋላ ፊቱ ሥር ቆመው፣ አፍንጫው የማንን እንደሚመስል እየተከራከሩ ነው።