ዜሮ ነጥብ ስድስት

የላቦራቶሪው ሰዎች ውጤት መዝጋቢያቸውን «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በደሟ ምክንያት ነው።

የደም መመርመሪያ መሣሪያ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ልኩ የታወቀ ናሙና ይሰጠዋል። የታወቀውን ቁጥር ከደገመ ደህና ነው፤ ካልደገመ የዚያን ቀን ቃሉ አይታመንም። ናሙናው ከፋብሪካ በትንንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ፣ በበረዶ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአንዱ ምርመራ ብልቃጥ ሳይመጣ ቀረ። መጋዘኑን ሲጠይቁት «መንገድ ላይ ነው» ይላል። ያን ጊዜ የነበሩት አለቃ መላ ዘየዱ። ከሠራተኞቹ ሁሉ ደም እያስቀዱ ለሁለት ወር አዩና ሳይዛነፍ ያንኑ ቁጥር የሚሰጠው የእሷ ሆኖ አገኙት። ዜሮ ነጥብ ስድስት። በዚህ ሰኞ ነጥብ ስድስት፣ በሚቀጥለውም ሰኞ ነጥብ ስድስት።

«በቃ፣ ፋብሪካችን አንቺ ነሽ» አሏት።

አለቃው ጡረታ ወጡ፤ ልማዱ ግን አብሯቸው አልወጣም። በየሰኞው ጠዋት እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ ወጣቱ አለቃ ደሟን ይቀዳል፣ መሣሪያው ዜሮ ነጥብ ስድስት ይላል፣ ሥራ ይጀመራል።

የሚለካው ብግነት ነው። ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ሲቆጣ ጉበት አንድ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል፤ ሐኪሞቹ ሲአርፒ ይሉታል። ቁስል ሲያመረቅዝ ወይም ትኩሳት ሲይዝ ሽቅብ ይወጣል፣ ሕመሙ ሲለቅ ይወርዳል። እንዲህ ላለው ግልጽ ሕመም የሚሆነው መሣሪያ ሌላ ነው። የእነሱ መሣሪያ የሚፈልገው ትኩሳት የሌለውን፣ ሳል የሌለውን፣ ባለቤቱ እንኳን የማያውቀውን ዝም ያለ ብግነት ነው። ከአንድ በታች ከሆነ ደግ። ከአንድ እስከ ሦስት መካከለኛ። ከሦስት በላይ ሆኖ ከሰነበተ ወደፊት በልብና በደም ሥር፣ በስኳርም የመታመም ሥጋቱ ከፍ ያለ ነው። ይታመማል ማለት አይደለም፤ ሳይታመም በፊት ይታይ ማለት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሞተች። ሁለቱም አላገቡም፤ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው ኖረዋል። ስድስት ወር አስታመመቻት። ስትቀብራት አላለቀሰችም። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። እሷ ግን ጥንካሬ ይሁን ሌላ ነገር አታውቅም። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆና ቀረች፤ መኖሩን ታያለች፣ አይሰማትም። መኝታ ቤቱን ዘግታ ሶፋው ላይ ማደር ጀመረች። ራቷ ዳቦ በሻይ ሆነ፤ እሱንም ቆማ ነው የምትበላው። ከእህቷ ጋር በእግሯ ትመላለስበት የነበረውን መንገድ በአውቶቡስ አደረገችው። ይህን ሁሉ የወሰነችበት ቀን የለም። እንዲያው ሆነ።

በዓመቱ፣ አንድ ሰኞ፣ መሣሪያው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አለ። ጉንፋን ይዟት እንደሆነ ጠየቋት፤ አልያዛትም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነጥብ ሁለት ሆነ።

«አርጅቷል» አለ ወጣቱ አለቃ፣ መሣሪያውን በእርሳስ እየነካካ። «እትዬ ሚዛንን ካላወቀ ማንን ሊያውቅ ነው?»

መካኒኩ ተጠራ። ሽፋኑን ከፈተ፣ አቧራውን ነፋ፣ ደሟን እያስነበበው ዜሮ ነጥብ ስድስት እስኪል ድረስ ቁጥሩን ወደ ታች አወረደው። «ይኸው፣ አስታርቄያችኋለሁ» አላት። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ እየመጣ አስታረቃቸው። በሦስተኛው ጊዜ፣ ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ የተለወጥኩት እኔ እሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣባት። መጣና አለፈ። ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረች።

ሐኪሞቹ ደስ አላቸው። አንዷ ሐኪም የውጤት ወረቀቶቹን ስትቀበል «ከተማው ሁሉ ጤነኛ ሆነልን፤ ሥራ ልንፈታ ነው» ብላ ቀልዳለች።

ጤነኛ ከተባሉት አንዱ የሰፈሯ ልብስ ሰፊ ነው። አባቱ በልብ ሕመም ነው የሞቱት፤ እሱም ሆዱ ከገፋ ቆይቷል። ሚስቱ እየጎተተች አምጥታው ውጤቱ ዜሮ ነጥብ ሰባት ሆነ። ወረቀቱን ወስዶ የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈው። ሚስቱ «ሻይህ ውስጥ ያለው ስኳር ነው ወይስ አሸዋ?» ባለችው ቁጥር በመቀሱ ጫፍ ወረቀቱን ያሳያታል። ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ስለሆነ እትዬ ሚዛን በየጠዋቱ ታየዋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የራሷ ነው።

ባለፈው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሳጥኑ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት መንገድ ላይ የነበረው። ብልቃጡ ላይ ልኩ «ሦስት» ተብሎ ታትሟል። መሣሪያው ዜሮ ነጥብ አምስት አለ። ሁለተኛ ብልቃጥ ከፈቱ፤ አሁንም ዜሮ ነጥብ አምስት።

«በረዶው መንገድ ላይ ቀልጧል» አለ አለቃው። «ይህን ሁሉ ዘመን አስጠብቀው የላኩልን ደግሞ የተበላሸ። እትዬ፣ እስቲ ክንድዎን።»

ሰጠችው። ዜሮ ነጥብ ስድስት።

«አላልኳችሁም? አሽጉትና ይመለስ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሳጥኑን ከጠረጴዛው አነሳች። እትዬ ሚዛን እጅጌዋን እያወረደች ነበር። የልብስ ሰፊው መስታወት ፊቷ ላይ ድቅን አለ።

«አስቀምጪው» አለቻት። ወደ አለቃው ዞረች። «ብልቃጡ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አለቃው ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?»

«መሣሪያውን በብልቃጡ አስተካክለውና እኔን ድጋሚ ለካኝ።»

«ልክ ካልሆነስ? ቀኑ ተበላሸ ማለት እኮ ነው።»

«ውጤቱን ሱቁ ላይ የለጠፈ ሰው አለ» አለች። ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። «የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

አንድ ሰዓት ፈጀ። መሣሪያው ሦስተኛውን ብልቃጥ ሦስት ብሎ አነበበ፤ አራተኛውንም ሦስት። ቀጥሎ የእሷ ገባ። ሦስት ነጥብ ስድስት።

አለቃው ቁጥሩን ሁለቴ አነበበ። እሷ ቁጥሩን አየችው፤ በሌላ ሰው ቁጥር እንደምታደርገው መዝገቡ ላይ ጻፈችው፣ አሰመረችበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ቀላል ነበር። መካኒኩ መጨረሻ ከመጣ ወዲህ ለወጣው ውጤት ሁሉ እውነተኛው ቁጥር የተጻፈው ስድስት እጥፍ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ከዚያ በፊት የነበሩትም ገና ይቆጠራሉ። «ሁሉንም እንጠራለን» አለ አለቃው፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ስም ዝርዝሩን ተከፋፍለው መደወል ጀመሩ። የልብስ ሰፊውን ግን እሷ ሳትደውል ለራሷ አስቀረችው።

ከሥራ ወጥታ ሱቁ ስትደርስ የሱሪ ጫፍ እያጠፈ ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ወረቀት ስሕተት ነው» አለችው ከበሩ።

«የቱ ወረቀት?»

«መስታወቱ ላይ ያለው። ዜሮ ነጥብ ሰባት አይደለም፤ ከአራት በላይ ሳይሆን አይቀርም። ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ መጥተህ ተለካ።»

መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ማነው የተሳሳተው?»

«እኛ። እኔን ልክ ናት ብለን ይዘን ነበር። ልክ አልነበርኩም።»

«አምስት ወር ሙሉ ሚስቴን በዚህ ወረቀት ሳፌዝባት።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ቤት በየት በኩል ነው የምገባው? ልቤን ሳይሆን አንገቴን እኮ ነው የምትይዘው።» ወረቀቱን ላጠው፤ አንዱ ጥግ መስታወቱ ላይ ቀረ። «እሞታለሁ?»

«ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። ልብህንና ስኳርህን ቶሎ ታይ ነው የሚለው። ሐኪሟ የደም ግፊቱንም፣ የደም ቅባቱንም አብራ ታያለች። በእግር ሲሄዱ፣ ክብደት ሲቀንሱ፣ ሊወርድ ይችላል።»

«የአንቺስ ስንት ነው?»

«ሦስት ነጥብ ስድስት።»

«እኔ እኮ ቀሚስሽን ሁለቴ አስፍቼልሻለሁ። ዝም ያልኩት፣ ሴት ልጅን ወፈርሽ አይባልም ብዬ ነው።»

«ብትለኝም አልሰማህም ነበር» አለችው። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋውኗን ሳትለብስ የታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን ተቀመጠች። የእሱ አራት ነጥብ አንድ ሆነ። «በነጥብ አምስት በለጥኩሽ» አላት። በባዶ ሆድ የተቀዳው ስኳሩ ከልኩ አልፏል፤ የእሷም የልኩ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሐኪሟ ለሁለቱም ሌላ ቀን ቀጠረች፤ በሁለት ሳምንት ይደገማል። «ካርድሽ የታለ?» አለቻት። እትዬ ሚዛን ካርድ የላትም። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ግቢ ስትሠራ በታካሚ ስም ተመዝግባ አታውቅም።

የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ፎርም ሰጧት። ዕድሜዋን ጻፈች፣ ሥራዋን ጻፈች። «አስፈላጊ ሲሆን የሚጠራ ሰው» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ። የእህቷን ስልክ በቃሏ ታውቀዋለች።

«ምን ጠፋሽ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ በትከሻዋ በኩል ወደ ፎርሙ እያየ።

በጣቷ መስመሩን አሳየችው። አነበበው።

«የእኔን ጻፊ።»

«አንተ ራስህ ታማሚ ነህ ጋሼ።»

«እሺ፣ የሚስቴን። እኔ ስልክ አላነሳም፣ እሷ ግን ሳይጠራም ታነሳለች።»

«ምን ትለኛለች?»

«ምን ትልሻለች? ሐሜት የምታካፍለው ሰው አገኘች።»

ስልኩን ይነግራት ጀመር። መሐል ላይ ተሳሳተ፤ ጣቶቹን እያጠፈ ከመጀመሪያው ደገመላት። የጻፈችውን የተሳሳተ ቁጥር ሰረዘች። ከላዩ፣ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየጠበቀች ጻፈች።