እማዬ ለፊልም ያለቀሰች ጊዜ

ልጅ እያለሁ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ይለቀስ ነበር፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። የእድር ጥሩንባ ከተነፋ ወዲያ ቆሞ ወሬ ማጣራት ነውር ነው። ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ በር ይዘጋል፣ ወደ ድንኳኑ ይኬዳል፣ እንደተደረሰም «ወየው! ወየው!» ነው። እንባ እምቢ አለኝ የሚል የለም፤ ሁሉም የየራሱ ሟች አለውና እሱን አስታውሶ ያለቅሳል። ከዚያ ተቀምጦ ንፍሮ ከተዘገነ በኋላ፣ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሎ «ለመሆኑ ማን ነው?» ይባላል። የኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ! ይህ ልማድ ነው እናቴን አንድ ቀን መሳቂያ ሊያደርጋት ደርሶ በማግስቱ ያነገሣት።

እማዬ ገበያ ላይ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ ትሸጥ ነበር። ትሸጥ ነበር ስል ሱቅ እንዳይመስላችሁ፤ መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ነው። ልብሷም፣ ፀጉሯም፣ እኔን የምታቅፍበት እጇም ኮረሪማ ኮረሪማ ይል ነበር። የሚዛንን ዝናብ ደግሞ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? ፀሐይ እያለ ይመጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጀመሪያው ሥራዬ ላስቲክ ይዤ ወደ ገበያ መሮጥ ነበር። አንዳንዴ ዝናቡ ይቀድመኛል። የረጠበ ኮረሪማ ይሻግታል፤ የሻገተ ኮረሪማ ደግሞ ማንም አይገዛም፤ እማዬም ያን ቀን ማታ ብዙ አታወራም።

አባቴ ከቴፒ ቡና በሚጭን መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ መኪናው ተገልብጦ ነው የሞተው። በሕይወት እያለ «ይቺን ሴትዮ ዝናብ ሊጨርሳት ነው፤ አንድ ቀን ጣራ ሥር ካላስገባኋት ወንድ አይደለሁም» ይል ነበር። ዕድሜው አላደረሰውም። እሱ ከሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ገበያው ውስጥ ጣራና መዝጊያ ያለው መደብ የነበራቸው አንድ ነጋዴ ወደ ወልቂጤ ሊመለሱ ሆነና ለእማዬ ቃል ገቡላት። ስድስት መቶ ብር ቅድሚያ እስከ ቅዳሜ ካመጣች መደቡ የእሷ ነው፤ ካላመጣች ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ስድስት መቶ ብር! ያኔ እኮ ብር ብር ነበር። እማዬ ጀበናዋን ሳይቀር ለመሸጥ አስባ፣ ብትደማምር ሩቡም አልሞላላት።

ፊልም ሠሪዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ በነጭ ላንድክሩዘር መጥተው ሆቴል ያዙ፤ እኛም ትምህርት ቤት ረስተን ሆቴሉን ከበብን። ፊልም ለኛ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ጄኔሬተር የሚያጓራበት፣ ወንበሩ የሚቆነጥጥ፣ የላብና የለውዝ ሽታ ያለበት ጨለማ ቤት። ፊልም በሰው እንደሚሠራ፣ ለሠራውም ሰው እንደሚከፈለው ማን ያውቃል? አለቃቸው አቶ ሳምሶን ይባላል። በዚያ ወበቅ የቆዳ ጃኬት ለብሶ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ይዞራል። የፊልሙ ታሪክ፣ ቡና አገር ሊሠራ መጥቶ ስለሞተ የከተማ ልጅ ነው አሉ። ለቀብሩ ብዙ ለቀስተኛ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ ሰው ለአንድ ቀን ማቆም ኪስ ያራቁታል። ሰውዬው ግን መላ አላጣም፤ ከአማን ከተማ ወዲህ አንድ ቤት ተከራይቶ ድንኳን ካስተከለ በኋላ ጥሩንባ ነፊያችንን ጋሽ ዱባለን ሃያ ብር አስጨብጦ «ሰው ጥራልን» አለው።

ጋሽ ዱባለ የዋህ ነው። ድንኳን አየ፣ ሣጥን አየ፤ «ማን ሞተ ልበል?» ብሎ ጠየቀ። «እንግዳ ነው በል» አሉት። በቃ፣ በማለዳ ጥሩንባውን ከፍ አድርጎ «እንግዳ ሞቶብናል! ዘመድ የለውም፤ ውጡ! ውጡ!» እያለ ከተማውን አዳረሰው። ሚዛን ግማሹ ሕዝብ እኮ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሰው አገር መሞትን የማይፈራ ማን አለ? ከዘመዳቸው ቀብር ለመቅረት ሰበብ የሚፈልጉ ሁሉ ለእንግዳው ወጡ። እማዬም ማዳበሪያዋን ጠቅልላ፣ እኔን እየጎተተች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በረረች።

እናቴ ሙሾ አውራጅ ናት። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ሰው ራሱ ገለል ይልላታል። ሣጥኑ አጠገብ አንዲት ጥቁር የለበሰች የማናውቃት ሴት ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እማዬ እሷን አየችና ሙሾዋን ጀመረች።

«አልጋ ሳያነጥፉ፣ ውሃ ሳያቀምሱት፣
እንግዳው ሄደብን፣ ስሙን ሳይጠይቁት!»

ድንኳኑ ተናወጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ። እማዬ ከዚያ ወደ አባቴ ገባች፤ ስሙን ባትጠራም እኔ አውቄያታለሁ። እኔም አባቴን አለቀስኩ። አባቴን እንደዚያ ያለቀስኩት በዚያ ቀን ነው እንጂ በቀብሩ ቀንስ የሆነውን ሁሉ ቆሜ ከማየት በቀር ምንም አልገባኝም ነበር።

ለቅሶው ሲግል፣ ደንበኛው የሚዛን ዝናብ ዱብ አለ። ጎረምሶች ሣጥኑን ወደ በረንዳው ሊያሸሹ አነሡት፤ አንዱን ጭቃ አንሸራተተውና ሣጥኑ ወደቀ፤ ክዳኑ ተከፈተ። ከውስጡ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? የሙዝ ግንድ! ለተሸካሚዎቹ ክብደት እንዲኖረው ብለው የከተቱት ወፍራም የሙዝ ግንድ ተንከባሎ እማዬ እግር ሥር ቆመ። ሴቶቹ «በስመአብ!» ብለው ተበተኑ። ያኔ አቶ ሳምሶን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ካሜራው ከተደበቀበት ክፍል፣ እጁን እያወዛወዘ ወጣ። «አይዟችሁ! ፊልም ነው! በጣም ቆንጆ ነው ያለቀሳችሁት!»

ወይ ጉድ! ሕዝቡ ጋሽ ዱባለን ሊበላው ደረሰ። አሮጊቶቹ «ሟርት ነው፣ ያለ ሬሳ ጥሩንባ አይነፋም» ብለው አማተቡ። አቶ ሳምሶን ግን ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረስቶት ነበር። ለሁሉም አንድ አንድ ለስላሳ አደለና፣ ዝናቡ ስላቋረጠው ሣጥኑን ወደ ቀብር የመሸኘቱና እማዬን በቅርብ የማንሣቱ ሥራ እንደቀረ ነገረን። «ነገ በዚሁ ልብሳችሁ ኑልኝ። እትዬ፣ እርስዎ በተለይ እንዳይቀሩ!» እማዬ ለስላሳውን ሳትከፍት ለኔ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ ጎረምሶች «ለሙዝ የምታለቅሰዋ!» እያሉ ሲስቁባት ቀና ብላ ነው ያለፈችው፤ ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለባሏ ያነባችው እንባ ተሰረቀባት።

አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። ያቺ ጥቁር የለበሰችው ሴት ናት። ተዋናይት ኖራለች፤ ሰናይት ትባላለች። የፊቷ ቅባት ታጥቦ ሳያት ጎረቤታችንን መሰለችኝ። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። «እትዬ፣ እኔ ሳስመስል እርስዎ ከምር ሲያለቅሱ አፈርኩ» አለቻትና፣ ቆጮና ጎመን ቀርቦላት እየበላች ወሬው ሥራ ሥራውን ሆነ። እማዬ በስንት ብር እንደምታለቅስ ጠየቀቻት፤ ሰናይትም አልደበቀችም። ለለቅሶው ብቻ ስድስት መቶ ብር ተስማምታ ግማሹን ተቀብላለች፤ ከዚያ በፊት በሠራችው ፊልም ግን ቅድሚያ ሳትይዝ ገብታ፣ ፊልሙ በየቪዲዮ ቤቱ ሲታይ እሷ የታክሲ አጥታ በእግሯ ትሄድ ነበር። «ከተቀረጸ በኋላ ማንም አያውቅዎትም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ነገ የእርስዎ ፊት ከሌለበት የዛሬው ለቅሶ ለሰውዬው ገለባ ነው። የዛሬውን ወስዶብዎታል፤ የነገው እጅዎ ላይ ነው።»

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ነጠላዋን ደርባ ወዲያው የእድራችን ዳኛ፣ ልብስ ሰፊው ጋሽ በየነ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጋሽ በየነ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰሉ የዋሉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ሳቁ። «አስካለ፣ እኛ ለሬሳ በነጻ እናለቅሳለን። ሬሳ ከሌለ ግን ሥራ ነው» አሉ። በዚያው ምሽት ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ተላለፈ፤ ነገ እድሩ ሳይፈቅድ ለቅሶ የሄደ ይቀጣል። እንዴት ያለ ቅጣት ነው አትሉም? ለቅሶ ባለመሄድ እንጂ በመሄድ የሚቀጣ እድር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ!

በማግስቱ የወጣችው ዓይነት ፀሐይ ብትፈልጉ አትገኝም፤ ለቀረጻ የተፈጠረች ቀን ናት። አቶ ሳምሶን ካሜራውን ደግኖ ቆመ። ማን ይምጣ! ጋሽ ዱባለን ቢያፈላልገው ጥሩንባውን ቆልፎ እርሻ ወርዷል። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ከቤት ቤት ዞረ፤ ሁሉም የትናንት ልብሱን ለብሶ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ «ዳኛውን ጠይቅ» ይለዋል። በመጨረሻ ገበያ መጥቶ እማዬ ማዳበሪያ ፊት ቆመ፤ ጋሽ በየነም ከኋላው ደረሱ። እኔ የዝንጅብሉ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ጋሽ በየነ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ የአንድ ቀን የቡና ለቀማ ክፍያ፣ ለእድሩ ወንበር ኪራይ ጠየቁ። እየተንገሸገሸም ቢሆን እሺ አለ። «የእኔ ለብቻው ነው» አለች እማዬ። «ስድስት መቶ ብር፤ አሁን፣ ካሜራው ሳይከፈት።»

«እትዬ! ይሄ እኮ ከአዲስ አበባ የመጣች ተዋናይት ዋጋ ነው!»

«አውቃለሁ ጌታው። ነግራኛለች።»

ሰውዬው ሰማዩን አየ። ከማሻ በኩል ደመና እየመጣ ነበር። ሰማዩ ራሱ ከእናቴ ወገን ቆመ እላችኋለሁ! ኪሱን ዳበሰና አወጣ። እማዬ ብሩን ተቀበለች፣ በመቀነቷ አሰረች፣ ከዚያ ተነሥታ የሄደችው ወደ ቀረጻው መሰላችሁ? ወደ ነጋዴው ነው። ቅድሚያውን ከፍላ የመደቡን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ነው ድንኳኑ የደረሰችው።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። እንባው እምቢ አለ! እንዴት ይምጣ? ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ አንዱ የሙዝ ግንዱን አስታውሶ ፍርፍር ሲል ድንኳኑ ሙሉ ይከተለዋል። አቶ ሳምሶን ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ። እማዬም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ አይቼያታለሁ። ኋላ ግን እጇ አንገቷ ላይ ሄደ። ቁልፉን ጨበጠችው። ሳቋ ቀስ እያለ ቆመና፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ጀመረች።

«ዝናብ መታሽ ብለህ ስታዝን የነበርከው፣
ጣራ አገኘሁ ዛሬ፣ ቀና በልና እየው!»

ኧረ ተዉኝ። ያን ቀን ያለቀሰውን ሰው እንባ ማንም አልሰረቀውም። እማዬ ደስታዋን የምትነግረው ሰው አጥታ ነበር ያለቀሰችው፤ ሰናይትም ያስመሰለች አልመሰለኝም። ካሜራ የያዘው ልጅ በእጅጌው ፊቱን ይጠርግ ነበር። ሲያልቅ አቶ ሳምሶን ራሱ መጥቶ የእማዬን እጅ ሳመ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገበያዬ ጋ ልሂድ» ብላው ሄደች። በዚያ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ እኔ ላስቲክ ይዤ አልሮጥኩም። ከእናቴ አጠገብ፣ ጣራው ሥር፣ እግሬን አንጠልጥዬ ቁጭ ብዬ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰማሁ። በሕይወቴ ያን የመሰለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም።

ፊልሙ ከወራት በኋላ ቪዲዮ ቤታችን መጣ፤ ከተማው ተጨናንቆ አየው። እማዬ ፊልሙ ላይ ብቅ ስትል ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እሷ ግን ራሷን አይታ «ያቺን ነጠላ ማጠብ ነበረብኝ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ወደ ሚዛን የመጣ ካሜራ ሁሉ መጀመሪያ ጋሽ በየነ ቤት ማለፍ ግድ ሆነበት። የተዋናይ ዋጋ ያወጣ እድር፣ እንኳን በሚዛን በሌላም አገር መኖሩን እንጃ!

ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ የለም፤ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ፊልሙ ሁሉም በየኪሱ ነው፤ ሰው በየስልኩ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ይጨፍራል፤ ማን እንደሚከፍለው ማን ያውቃል። የእማዬ መደብ ሱቅ ሆኗል፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ዛሬም ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ባለፈው እሑድ አጠገቧ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አንዲት ለግላጋ ልጅ በቪዲዮ ስትንሰቀሰቅ መጣች። እማዬ መነጽሯን አስተካክላ እስከ መጨረሻው አየቻት።

«ለዚች ልጅ ስንት ከፈሏት?» አለችኝ።

«ማንም አይከፍላትም እማዬ። ሰው ላይክ ያደርግላታል እንጂ።»

«ላይኩ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ጻፊላት» አለች። «ልጄ፣ ሳይከፍሉሽ አታልቅሺ በያት።»

እየሳቅሁ ጻፍኩላት። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ ደንበኛ እየሸኘች በየመሀሉ መለሰች ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። አልመለሰችም ስላት እርዷን እየመዘነች ራሷን ነቀነቀች።

«ግድ የለም፣ ትመልሳለች። እኔም የገባኝ በማግስቱ ነው።»