ድንኳን ያስጠበቅኩት ኃላፊ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ሰው ሁሉ እርሺው ይለኛል። አልረሳውም፤ አንጀቴ የራሰበት ቀን ነው።

ልጄ ፅጌ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው በፋሲካ ሰሞን ነበር። ባቄላ ታክላለች። በማግስቱ ከገርጂ ተነስተን ጉርድ ሾላ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ግድግዳው ላይ «የካንሰር ታካሚ ካርድ ባወጣ በአንድ ወር ውስጥ ሕክምና ይጀምራል» የሚል ተለጥፏል። ፅጌ ስታነብልኝ እልል ልል ነበር።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ግን «እማማ፣ ካርድ የሚወጣው ተራ ሲደርስ ነው። እንደውላለን» አለችን። በየሳምንቱ ተመላለስን። መልሱ ያው ነው። ክረምቱ ገባ። ባቄላዋ ሎሚ አከለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተደወለ። ካርድ ወጣ፤ እውነትም ወር ሳይሞላ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ጡቷ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠ። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ እብጠቱን ብቻ እናወጣው ነበር» አለኝ።

ቀደም ብለን እኮ መጥተናል! የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገብቼ ጮህኩ።

«እማማ፣ እኛ የምንቆጥረው ካርድ ከወጣበት ቀን ነው። ልጅዎ በጊዜዋ ታክማለች» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ሰውዬው ያላወቀው የአንድ እድር ሰዎች መሆናችንን ነው። ስብሰባ የምትመጣው ሚስቱ ናት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ያለው እኔ ጋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የሚስቱ እናት አረፉ። በጠዋት ድንኳን ሊወስድ መጣ። ሲያየኝ ክው አለ።

«ተራ ሲደርስ እንደውላለን» አልኩት።

«እማማ፣ ለቀስተኛው ሜዳ ላይ ቆሟል እኮ!»

«ይቁም።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ስትወጣ «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ጋ ገና አልመጣህም። የምቆጥረው ቁልፉን ካነሳሁ በኋላ ነው።»

አንገቱን ደፋ። የእድሩ ዳኛ መጥተው «ሴትዮ፣ ሟቿ ምን አደረጉሽ?» ሲሉኝ ነው ቁልፉን የወረወርኩት።

ለገና ክትትል ስንሄድ ማስታወቂያው ተቀይሯል። «ታካሚው መጀመሪያ ከመጣበት ቀን ጀምሮ» ይላል።

የንስሐ አባቴ ስግደት ሰጥተውኛል። ለሟቿ ስል እሰግዳለሁ፤ እሳቸው አልበደሉኝም። ፅጌ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ቀሚሷን በአንድ በኩል በጨርቅ ስትሞላ ባየሁ ቁጥር ግን፣ ቁልፉን ቶሎ መስጠቴ ይቆጨኛል።