አባቴ የጻፋቸው ሁለት ደብዳቤዎች

የአክስቴ ልጅ የጥርስ ሐኪም ናት፤ እኔ ሰበታ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ደም እቀዳለሁ፣ ሰገራ እመረምራለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ነገር ግን አንድ በሽተኛ ጉንጩን በእጁ ደግፎ በኮሪደሩ ሲያልፍ ካየሁ ቀኑ ይበላሽብኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ አስታማሚ ለሌላዋ «ሱሉልታ አንዲት ልጅ አለች አሉ፤ እጇ አይሰማም፤ ስትነቅልሽ እንኳ አታውቂም» ስትላት ሰማሁ። የያዝኩትን ብልቃጥ ከድኜ ውጭ ወጣሁ። ለዚህ ስሜት ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬአለሁ። ቁጭት ነው ብዬአለሁ፣ የዕድል ነገር ነው ብዬአለሁ። አይደለም፤ ድብን ያለ ቅናት ነው።

የተወለድነው በሦስት ወር ልዩነት ነው። እናቷ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እነሱ ሱሉልታ፣ እኛ ቡራዩ ስለሆንን በበዓል ወይ እነሱ ይመጣሉ፣ ወይ እኛ በአስኮ ዞረን፣ አዲሱ ገበያ ሌላ ታክሲ ይዘን፣ እንጦጦን ወጥተን ወርደን እንሄዳለን። እናቴ ከመንገዱ ይልቅ የምትጨነቀው ስለ አፋችን ነበር። ሰው ቤት «ይጨመርልሽ?» ስትባዪ በቃኝ ይባላል። ደግመው ሲለምኑሽ እውነቴን ነው ጠግቤአለሁ ይባላል። ሦስተኛ ሲለምኑሽ «እሺ፣ ትንሽ» ብለሽ ሳህንሽን ታቀርቢያለሽ። የቤቱ እመቤትም ይህን ስለምታውቅ የመጀመሪያውን በቃኝ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። በእኛ ቤት ይህ እንደ ሃይማኖት ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሃይማኖት አታውቅም። አክስቴ «ማን ይጨመርለት?» ስትል ጥያቄው ሳያልቅ «እኔ!» ትላለች። ጭልፋውም ወደሷ ይዞራል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ድስቱ ተሟጧል። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ታክሲ ውስጥ «ዓይናውጣ ናት እቴ፤ አንቺ ግን ጨዋ ነሽ፤ አኮራሽኝ» ትለኛለች። እኮራለሁ። ደግሞም ይርበኛል።

የጥርስ ሕክምና መማር የፈለግኩት ከሷ ቀድሜ ነው። ይህን የምናገረው ለማንም ስላልተናገርኩት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄ የፊት ጥርሴ እኩሌታ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር፤ ቆይቶም መሳቁን ተውኩት። አንድ ቀን አባቴ አስኮ አካባቢ ያለች ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሟ ሁለት ሰዓት ያህል ጎንበስ ብላ ስትሠራ ቆየችና መስታወት ሰጠችኝ። በታክሲ ስመለስ ሰው ያየኛል ሳልል ጥርሴን አውጥቼ እስቅ ነበር። እዚያው ታክሲ ውስጥ ወሰንኩ፤ ይህን ሥራ ነው የምሠራው አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «ያው የጤና ነገር ደስ ይለኛል» ነበር መልሴ።

የመጀመሪያውን ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሰን ሁለታችንም አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት አመለከትን። ፈተና ተፈተንን፣ ቃለ መጠይቅ ቀረብን። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሁለታችንም ከታች፣ ተጠባባቂ ከሚለው ሥር ነበርን። አምስት ተጠባባቂዎች ነን። የሬጅስትራር ኃላፊዋ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት፣ ቢሮዋ ሰበሰበችንና እንዲህ አለችን፦ «ከተቀበልናቸው የሚቀር ሰው ካለ አንድ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ከእናንተ አንዱን እንጠራለን። ባለፈው ጊዜ የጠራነው ሰው ሌላ ቦታ ገብቶ ወንበሩ ባዶ ቀርቶብናል። ስለዚህ የምር እኛን የሚመርጥ ሰው በጽሑፍ ያሳውቀን። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቻላል። ኮሚቴው ደብዳቤውን አይቶ ይወስናል።»

ደብዳቤ ከተባለ እኔ ምን ቸገረኝ? የደብዳቤ ልጅ ነኝ። አባቴ ቡራዩ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ተክሎ፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። ባለጉዳዮቹ ኦቦ ይሉታል። «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ካላቸውና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ማል ፌቱ?» ብሎ ነው። ምን ይፈልጋሉ? ሰዉ መልስ ከመስጠቱ በፊት የአጥሩን፣ የጎረቤቱን፣ የሟች ወንድሙን ታሪክ ይዘረግፋል። አባቴ ሁሉንም ያዳምጥና «እሺ፤ ግን ማል ፌቱ?» ይላል። ሰው የሚፈልገውን አውቆ ካልመጣ ማመልከቻው አያምርም ይል ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ጎኑ ተቀመጥኩ። ሁለት ባለጉዳዮች ተራ እየጠበቁ ነው። ብዕሩን አንስቶ እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም «ማል ፌታ፣ የኔ ልጅ?» አለኝ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። በሰው ፊት «እፈልጋለሁ» ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ፊቴ ጋለ።

«አንተ እንደመሰለህ ጻፈው አባዬ። አንተ ታውቃለህ።»

«የሚማረው ማን ነው? ንገሪኝ እንጂ።»

«ለሌላው ሰው እንደምትጽፈው አድርገህ ጻፈው።»

ትንሽ ጠበቀኝና ለሌላው ሰው እንደሚጽፈው አድርጎ ጻፈው። እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ቦታ የሚገኝ ቢሆንና ከእኔ የተሻለ አመልካች የሌለ እንደሆነ፣ እንደ መልካም ፈቃዳችሁ ጉዳዬን እንድትመለከቱልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።» በጣም ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ባለሥልጣን ፊት እንዲህ ያለ ማመልከቻ ነው የሚሠራው ብዬ አመንኩ፤ እሱም ያመነ ይመስለኛል። ከእኔ የተሻለ አመልካች ከሌለ! ከተጠባባቂዎቹ መካከል እንዲህ ብሎ የጻፈ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

በሁለተኛው ቀን ለአባቴ ምሳ ዕቃ ይዤ ስሄድ የአክስቴ ልጅ ከሱሉልታ መጥታ ጃንጥላው ሥር ተቀምጣለች። አባቴ ወረቀቱን አስተካክሎ ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት።

«ጋሼ፣ የምፈልገው የጥርስ ሕክምናውን ነው» አለች። አግዳሚው ላይ አራት ሰው አለ። «ከሁሉም አስቀድሜ የመረጥኩት እናንተን ነው ብለው ይጻፉልኝ።»

«እንዲህ ፊት ለፊት?»

«ታዲያ ምን ልበል? ሌላ ኮሌጅ ለፋርማሲ ተቀብሎኛል፤ እሱንም ይጻፉት። ከጠራችሁኝ ግን በማግስቱ ትቼው እመጣለሁ ይበሉ።»

አባቴ ሳቀ። ከባለጉዳይ ጋር ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «እሺ፣ ለምን ጥርስ? ቢሉሽስ?»

«እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። ሐኪም ቤት ሂጂ ሲሏት፣ ነቅለው ባዶዬን ያስቀሩኛል ትላለች። እኔ ሳልነቅል አክማታለሁ።»

የአባቴ ብዕር ቆመ። እናቷ ማለት የሱ እህት ናት፤ አላወቀም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። በበዓል አክስቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታኝክ አይቼ፣ ሰውን ማሳፈር ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና ቃሏን አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳይቀንስ ጻፈላት። ያን ጊዜ የነበረውን ፊቱን መቼም አልረሳውም። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። የገዛ አባቴን ቀማችኝ ብዬ አሰብኩ። ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩበት አኳኋን ልክ አልነበረም፤ ወጡ ፈሰሰ።

እሷ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንቺንም እንደገና እንጻፈው?» አለኝ።

«እኔ የሰው አልቀዳም» አልኩት። ጨዋነት አልነበረም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አባቴን እንዲያ ተናግሬው አላውቅም።

ዓይናውጣዋ ደግሞ ደብዳቤዋን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለከተማው አንቺ ትቀርቢያለሽ፣ አብረሽ አስገቢልኝ አለች። ፖስታው አልታሸገም። ከአስኮ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐቁን ልናገርና፣ ወንበሩ ሥር ቢወድቅስ ብዬ አስቤአለሁ። ታክሲ ውስጥ ስንት ዕቃ ይረሳ የለ? ጣቶቼን ላላ አድርጌ ጥቂት ፌርማታ ተጓዝኩ። አልጣልኩትም፤ ግን ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ደብዳቤዬ የት ደረሰ ብላ ብትጠይቀኝ አባቴ ፊቴን አይቶ እንደሚያውቅብኝ ስላወቅኩ ነው። ሬጅስትራር ስደርስ የኔን ከላይ፣ የሷን ከሥር አድርጌ ሰጠሁ። ጸሐፊዋ አንድ በአንድ ማኅተም እየመታች ስታስቀምጥ የሷ ከላይ ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ተማሪ ቀረና ደወሉላት። ቅዳሜ ዕለት ራሷ ልትነግረን ቡራዩ መጣች። እናቴ እልል አለች። እኔም አቅፌ ሳምኳት፤ ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ አልኩ። አባቴ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» ብሏት ወደ እኔ አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ልሸኛት ወጣሁ።

ከበራችን ብዙ ሳንርቅ ቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «አንቺም እንደምትፈልጊው ይመስለኛል፤ ተናግረሽ ባታውቂም። ሬጅስትራሯን ጠየቅኳት። ሌሎቹ ሌላ ቦታ ገብተዋል፤ እኔ ካልመጣሁ ቀጣይዋ አንቺ ነሽ። ሰኞ ነው ምዝገባው። ከፈለግሽው ንገሪኝ፤ እኔ ፋርማሲውን እገባለሁ።»

በሕይወቴ ያን ያህል የፈለግኩት ነገር የለም። «ኧረ ምን ነካሽ!» አልኩ። «አንቺ ግቢ እንጂ! ለማን ብለሽ ነው የምትተዪው?»

ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ ውስጥ እንባ አለ። «የምሬን ነው» አለች። «ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ቃል ብቻ በዪኝ። ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልግም አልኩሽ እኮ። እውነቴን ነው። ለእኔ የተመደብኩበት ላቦራቶሪም ይበቃኛል።»

ይህን ብዬ ዓይኔን ሰበርኩ፤ የነጠላዬን ጫፍ ማፍተልተል ጀመርኩ። እናቴ ብታየኝ፣ ጎረቤታችን ብታየኝ፣ ቡራዩ ውስጥ ያለች የትኛዋም ሴትዮ ብታየኝ አንዴ ልለምናት እንጂ ትል ነበር። ሦስተኛው ላይ እሺ ልላት ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ፊቴን አየችው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። «ተመስገን» አለች። «ብትዪኝ እሰጥሽ ነበር፤ ግን አልቅሼ አላባራም ነበር።» አቅፋኝ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ።

ረዳቱ «አስኮ፣ አስኮ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሮጣ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ እጇን አውጥታ እያውለበለበች፣ እየሳቀች ሄደች። የነገርኳትን አምናኛለች። እኔ ግን ታክሲው ከዓይኔ ከተሰወረ በኋላም እዚያው ቆሜ እንደገና እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ።